ጭራቁ እንግዳ እና የአንጓች የቱርክ ዶሮዎች

ተረት ተረት!
የመሠረት!
ምን አላችሁ? ጎረቤት አልሰማም!
የመሠረት!!

በድሮ ጊዜ አንጓች የምትባል ሴት ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። መስከረም ላይ ሦስት የቱርክ ዶሮ እንቁላል አገኘችና ዶሮዋን አስታቀፈቻት። ዶሮዋም የራሷ መስለዋት ታቀፈቻቸው። ሲፈለፈሉ አየቻቸው። «እነዚህ ደግሞ የማን ናቸው?» ብላ ጥላቸው ሄደች።

የቱርክ ዶሮ ጫጩት ሞኝ ነው። ዝናብ ሲመጣ አይሸሽም፤ ቀና ብሎ ያያል። ስለዚህ አንጓች በነጠላዋ ጠቅልላ ታስገባቸዋለች። የተቀቀለ እንቁላልና የበሰለ ሳማ ከትፋ ታበላቸዋለች። ልጆቹም «ብሉ! ብሉ! ለፋሲካ ወፍሩ!» እያሉ ዙሪያቸውን ይዘላሉ።

አደጉ። ሁለቱ ሴቶች፣ አንዱ አውራ። አውራው ጅራቱን እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። ከአንገቱ ላይ ቀይ ሥጋ ይንጠለጠላል። ቀኑን ሙሉ «ጉሉ ጉሉ ጉሉ!» ይላል። አባታችሁ እዚህ ላይ ሲደርስ አንገቱን አስረዝሞ ይጮህ ነበር። እኔ አልችልበትም፤ እናንተ ጩኹ።

«ጉሉ ጉሉ ጉሉ!»

ጎሽ!

በዚያ አገር አያ ሆዶ የሚባል ጭራቅ ነበር። በየዓመት በዓሉ አንድ ቤት ይመርጣል። ማዕዱን ጠራርጎ ይበላል። ካልጠገበ የቤቱን ልጆች አስከትሎ ይበላል። ጠግቦ ደግሞ አያውቅም! ግን ጨዋ እንግዳ መባል ይወዳል። ነጭ ጋቢ ይደርባል፣ በር ያንኳኳል፣ እጁን ይታጠባል።

ፋሲካ ነገ ሊሆን፣ በቁራ መልእክት ላከ። «አንጓች ሆይ፣ ነገ እመጣለሁ። ቅቤ እንዳትረሺ!»

አንጓች ልጆቿን አቅፋ አለቀሰች። አንዷ ሴት የቱርክ ዶሮ ጠጋ አለቻት።

«ምን ያነፋርቅሻል?»

«ውይ! አንቺ ትናገሪያለሽ እንዴ?»

«አውራው መች ፋታ ሰጥቶኝ! በይ ስሚኝ። ጭራቅ እንግዳ ሆኖ ገብቶ የተናገረው ነገር ሁሉ እውነት ይሆንበታል። እስከ ዛሬ ከገዛ ቃሉ ያዳነው የእናንተ የ«ኧረ በሞቴ» ልመና ነው። ነገ ማንም እንዳይለምነው!»

«ኧረ በስማም! እንግዳ ሳይለመን?»

«አዎ፣ ሳይለመን! ለምክሬ ግን ዋጋ አለው። እኔና እህቴ ድስት አንገባም።»

«አውራውስ?»

«ውሰጂው! ጆሯችን ይረፍ።»

በበዓሉ ቀን ጎረቤት ጠርታ አውራውን አሳረደች። ድስቷ አልበቃ ብሎ ትልቅ ድስት ተዋሰች። ወጡ ተንተከተከ፣ ቤቱ በመዓዛው ተሞላ።

ኳ ኳ ኳ! አያ ሆዶ ጎንበስ ብሎ ገባ። ራሱ ጣሪያውን ነካ።

«ኖር!» ብለው ሁሉም ተነሡ።

«በእግዜር! ኧረ አትነሡ፣ ለእኔ ትንሽ ቦታ ትበቃኛለች!»

አለና «ኧረ ወደ ላይ ውጣ!» እስኪሉት ጠበቀ። አንጓች ልትል ነበር። ምላሷን ነከሰችና «እሺ» አለች። የትንሿን ልጇን የትርንጎን በርጩማ ሰጠችው።

ሹ...ው! ጭራቁ ሟሸሸ፣ ሟሸሸ፣ በርጩማው ላይ ልክ ሆነ። ጋቢው ዋጠው።

ወጡ ቀረበ። ምራቁ ጋቢውን አራሰው። ቢሆንም ጨዋ ነውና፣ «ኧረ እኔ በልቼ ነው የመጣሁት!» አለ። «በሞቴ!» እስኪሉት ጠበቀ። አንጓች ልትል ነበር። ቶሎ ብላ ዳቦ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችና «ኧሺ» አለች።

ቡፍ! የጭራቁ ሆድ እንደ ከበሮ ተነፋ። ግ...እ! ብሎ አገሳ። ልጆቹ ይጎርሳሉ፣ እሱ ያያል። አፉን ቢከፍት አንዲት ጉርሻ የምታልፍበት ቦታ የለም!

አኮረፈ። አያ ሆዶ ሲያኮርፍ ደግሞ ከንፈሩ እስከ አገጩ ይወርዳል። «በሉ እንግዲህ፣ እኔ ልሂድ!» አለ። «ኧረ ተቀመጥ!» እስኪሉት ጠበቀ።

ሁሉም መብላታቸውን ቀጠሉ። ትርንጎ ግን ከንፈሩን አይታ አሳዘናት። «ኧረ ቆ...»

እናትየው የጭብጥ ያህል ጉርሻ አፏ ውስጥ ከተተችባት! ትርንጎ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ጉንጯ ተነፋ፣ ቃሉም ከወጡ ጋር ወረደ።

«እሺ፣ በደህና ግባ» አለች አንጓች።

የጭራቁ እግሮች ብድግ አሉ። ደጃፉን አልፈው ሮጡ። እሱ ከላያቸው ላይ ሆኖ «ርቦኛል! ወጡን! ወጡን!» ይላል። ግን ከቤት ወጥቷል፣ እንግዳ አይደለም፤ ቃሉ ምንም አልሠራም። ሁለቱ የቱርክ ዶሮዎች ተረከዙን እየነከሱ እስከ ወንዙ ሸኙት። እግሮቹ ወንዙን ተሻገሩ፣ ተራራውን ወጡ፣ በወዲያ በኩል ወረዱ። ዛሬም አልቆሙም ይባላል።

ልጆቹም ወጡን ሳይበሉ አልቀሩ፣ በጭራቁም ሳይበሉ ቀሩ። ከአንጓች ጋር እስኪጠግቡ በሉ፣ እስኪያማቸው ሳቁ።

ልጆቼ፣ እንግዲህ ምክሩ ይህ ነው። ሰው ቤት ሄዳችሁ ከራባችሁ «ርቦኛል» በሉ። የልባችሁን በጊዜው ተናገሩ፤ ሌላው ሰው እስኪለምናችሁ አትጠብቁ።

ተረቴን በአደራ፣
አፌን በእንጀራ!