የወይዘሮ ዘርትሁን ከበሮ ከመጋዘን እንዴት ወጣ

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ የዛሬው የአውሮፕላን በረት ነው።

ወይዘሮ ዘርትሁን የምትባል የኮምቦልቻ ሴት ነበረች። ድምፀ መረዋ፣ ሳቂታ፣ በሠርግ ቤት ከበሮ ስትይዝ ሽማግሌውን ከወንበሩ የምታስነሳ። ይህች ሴት የሟች እህቷን ልጅ ልትድር ብላ፣ ከበሮዋን ከዕቃ ጋር አስጭና፣ ነጭ ሳቢሳ በሚባል አየር መንገድ ተሳፍራ አዲስ አበባ ገባች። እሷ ገባች፤ ከበሮዋ ቀረ። «በሚቀጥለው በረራ ይመጣል» አሏት። በረራው መጣ፣ በረራው ሄደ፤ ከበሮው የት እንደገባ የሚነግራት ጠፋ።

«አክስቴ፣ ሌላ ከበሮ እንከራይ እንጂ» አለች ሙሽራዋ ልዕልና።

«የሰው ከበሮ የሰው አፍ ነው» አለች ዘርትሁን። «እናትሽ የተዳረችው በዚያ ከበሮ ነው። ልትሞት ስትል እጄን ይዛ ‹ልጄን በእሱው ሸኚልኝ› ብላኛለች፤ እሺ ብያታለሁ።»

ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ ከበሮዋን ብቻ።

ሠርጉ እሑድ ነው። ዘርትሁን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ መንግሥት የመንገደኞች ቅሬታ ሰሚ ቢሮ ሄደችና በአየር መንገዱ ላይ አቤቱታዋን አስገባች። ቅሬታ ሰሚው አቶ መኳንንት አዳመጣትና «እናጣራለን፣ እናቴ» አላት። አቤቱታም እግር አለው፤ ዓርብ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። ከበሮው ተገኝቷል!

እየበረረች አየር ማረፊያ ደረሰች። በመጋዘኑ የሽቦ አጥር አሻግራ ስታይ፣ ከበሮዋ በሁለት ሻንጣዎች መሐል ጉብ ብሏል።

«ያውና! የኔ ነው፤ ይክፈቱልኝ!» አለችው ጠባቂውን።

«ከበሮ መሆኑን አይቻለሁ» አለ ጠባቂው፣ ቁልፉን ኪሱ እየከተተ። «የእርስዎ መሆኑን ግን ከበሮው አልነገረኝም። የተለጠፈበት ወረቀት ተቀዶ ወድቋል። ሥራ አስኪያጁ ካላዘዘኝ አልከፍትም።»

እንግዲህ ጠባቂው ካልከፈተ ከበሮው አይወጣም፤ ከበሮው ካልወጣ ሙሽራዋ አትሸኝም።

ዘርትሁን ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄደች። «ጌታዬ፣ ጠባቂውን ይዘዙልኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ከረቫቱን አጠበቀ። «ሳይከሱን ቢመጡ ኖሮ አዝዝልዎት ነበር። አሁን ነገሩ መንግሥት እጅ ገብቷል። ቅሬታ ሰሚው በደብዳቤ ካልጠየቀኝ እኔ ምን ቤት ነኝ?»

«ከመክሰሴ በፊትማ ስልክም አላነሳችሁልኝ!»

«እሱስ ልክ ነዎት» አለና አንገቱን ደፋ። ደፋ እንጂ አላዘዘም።

ቅሬታ ሰሚው ካልጻፈ ሥራ አስኪያጁ አያዝም፤ ሥራ አስኪያጁ ካላዘዘ ጠባቂው አይከፍትም፤ ጠባቂው ካልከፈተ ከበሮው አይወጣም፤ ከበሮው ካልወጣ ሙሽራዋ አትሸኝም።

ታክሲ ይዛ ተመልሳ ወደ አቶ መኳንንት።

«ደብዳቤውማ ተጽፏል፤ ይኸው ፈርሜበታለሁ» አላት። «ማኅተም ግን የለውም። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ጨው የሌለው ወጥ ነው፤ ማን ይቀምሰዋል? ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ጸሐፊዬ ፋናዬ ጋ ነው፤ ፋናዬ ዛሬ አልገባችም። ስደውልላት የሚሰማኝ የልጅ ለቅሶ ብቻ ነው።»

«ቤቷ የት ነው?»

«እዚሁ ከጀርባችን፣ ኮንዶሚኒየሙ ላይ። ይፍጠኑ፣ እናቴ፤ ቅዳሜ ቢሮው ዝግ ነው።»

ፋናዬ ማኅተም ካልመታች ቅሬታ ሰሚው ደብዳቤ አይሰጥም፤ ቅሬታ ሰሚው ካልሰጠ ሥራ አስኪያጁ አያዝም፤ ሥራ አስኪያጁ ካላዘዘ ጠባቂው አይከፍትም፤ ጠባቂው ካልከፈተ ከበሮው አይወጣም፤ ከበሮው ካልወጣ ሙሽራዋ አትሸኝም።

ለቅሶውን ደረጃው ላይ ሳለች ሰማችው። በሩን የከፈተችው ፋናዬ ፀጉሯ ተንጨባሯል፤ ትከሻዋ ላይ ፊቱ ቲማቲም የመሰለ ሕፃን ያገሳል።

«ለማኅተሙ ነው አይደል? አፍሬያለሁ፣ እናቴ» አለች ፋናዬ። «ሞግዚቷ ጥላኝ ሄደች፤ እሱ ጥርስ እያበቀለ ነው። እንዲህ እየጮኸ ይዤው ብገባ ቢሮው ይፈርሳል። ቢተኛልኝ ኖሮ አዝዬው እመጣ ነበር።»

ሕፃኑ ካልተኛ ፋናዬ ማኅተም አትመታም፤ ፋናዬ ካልመታች ቅሬታ ሰሚው ደብዳቤ አይሰጥም፤ ቅሬታ ሰሚው ካልሰጠ ሥራ አስኪያጁ አያዝም፤ ሥራ አስኪያጁ ካላዘዘ ጠባቂው አይከፍትም፤ ጠባቂው ካልከፈተ ከበሮው አይወጣም፤ ከበሮው ካልወጣ ሙሽራዋ አትሸኝም።

ዘርትሁን ደፉ ላይ ቁጭ አለች፤ እህቷ ትዝ አለቻት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ ደግሞ የሕፃኑን ድድ አየችና፣ ሳታስበው፣ ሳቋ ፈነዳ።

«ኧረ ጉድ! መንግሥትና አየር መንገድ በዚህች እሩዝ በምታህል ጥርስ ተንጠልጥለው! አምጪው እስቲ።»

እሹሩሩ አለችው፤ ባሰበት። ወዲያ ወዲህ ወሰደችው፤ ባሰበት። በመጨረሻ መዝፈኑን ተወችና ደረቷ ላይ ለጥፋው ጀርባውን በመዳፏ ትመታ ጀመር፤ ቀስ ብላ፣ ድም ድም፣ ድም ድም፣ የሠርግ ምት። ሕፃኑ ዝም አለ። ማን መጣ እንደሚል ሰው ጆሮውን አቀና። ያኔ በሹክሹክታ፣

«ጥርስ እንግዳ ነው፣ በር ያንኳኳል፣
ድድ ሲከፍትለት ሕፃን ይተኛል»

ስትለው ፋናዬም ማጨብጨብ ቃጣት።

«እሽ! እንዳታጨበጭቢ!» አለች ዘርትሁን።

ሕፃኑ ተኛ። ሕፃኑ ሲተኛ ፋናዬ አዘለችው፤ ፋናዬ ስታዝለው መሳቢያው ተከፈተ፤ መሳቢያው ሲከፈት ማኅተሙ ዷ! አለ፤ ማኅተሙ ዷ ሲል ቅሬታ ሰሚው ደብዳቤውን ሰጠ፤ ቅሬታ ሰሚው ሲሰጥ ሥራ አስኪያጁ አዘዘ፤ ሥራ አስኪያጁ ሲያዝዝ ጠባቂው ከፈተ፤ ጠባቂው ሲከፍት ከበሮው ወጣ!

«አንዴ ይምቱልኝማ» አለ ጠባቂው። ብትመታለት ሻንጣ ተሸካሚዎቹ ትከሻቸውን ሰበቁ፤ ከጎዴ የመጣ አንድ መንገደኛም የራሱን ሻንጣ ረስቶ አብሮ ጨፈረ።

እሑድ ልዕልና ከቤት ልትወጣ ስትል ዘርትሁን ከበሮውን አንገቷ ላይ አጠለቀች። ግጥሙ የእህቷ ስም ላይ ሲደርስ ድምፅዋ ተያዘ። እጇ ግን አላቆመም፤ ድም ድም፣ ድም ድም። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብሰብ አድርጋ ተጠጋቻትና የእናቷን ስም እሷው አዜመችው፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ዘርትሁንም ድምፅዋ ተመለሰ።

እኔ ተናግሬ ጉሮሮዬ ደረቀ። ተረቴን መልሱና ጠላ አቅምሱኝ።