ወንዝ የበላው ነፍጥ

ተረት ልንገራችሁ። ላም የለበትም፤ ወንዝ አለበት።

የባንቴ አባት ሽታው የአያቱን ነፍጥ፣ ያንን ባሩድ በአፈሙዙ የሚጎርሰውን፣ እንዳነገተ ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ጎርፍ ወሰደው። ሬሳውም አልተገኘ፣ ነፍጡም አልተገኘ። የባንቴ እናት አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ "እንደ ወጉ ይለቀስለት። እስኪለቀስ እህል አልቀምስም።"

ባንቴ መናኸሪያ ተሳፋሪ ሲጠራ ያደገ ነው፤ መንገድ አይጠፋውም። አልቃሿ እትዬ የሻረግ ዘንድ ሄደ።

"ሬሳ የለ፣ ነፍጥ የለ። ምን ታቅፌ ላልቅስ?" አለችው። "ባዶ እጄን ሙሾ አላወርድም ልጄ። ነፍጡን የሚመስል አምጣ።"

አልቃሽ አላለቅስ አለች፤ እናት አልበላ አለች። ባንቴ ወደ ቀጥቃጩ ሮጠ።

"አያ ፈንታ፣ ነፍጥ ሥራልኝ። ባይተኩስም ግድ የለም፤ ብቻ የአባቴን ይምሰል።"

"ቃታውን ከማጭድ ስባሪ አወጣልሃለሁ። አፈሙዙን ግን ከጢሜ ላወጣው ነው? ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ አምጣ።"

ቀጥቃጭ አልቀጠቅጥ አለ፤ አልቃሽ አላለቅስ አለች፤ እናት አልበላ አለች። ቱቦ ያለው ወፍጮ ቤት ነው፤ የዘመመውን ጣሪያ ደግፎ ቆሟል።

"ጋሼ ዘገየ፣ ያን ቱቦ ስጠኝ።"

"አንድ ሬሳ ጠፋ ብለህ ሌላ ልትጨምር!" አለ ባለወፍጮው። "ጣሪያው አናቴ ላይ ይውረድ? በቦታው የሚቆም ምሰሶ አምጣ።"

ወፍጮ ቤት ቱቦ አልሰጥ አለ፤ ቀጥቃጭ አልቀጠቅጥ አለ፤ አልቃሽ አላለቅስ አለች፤ እናት አልበላ አለች። ባንቴ አናጢው ደምሌ ጋ ደረሰ።

"ምሰሶህንም የነፍጥህንም ሰደፍ እጠርባለሁ" አለ ደምሌ። "በምን እንጨት? እማማ ስንዱ ግቢ ወይራ ወድቋል፤ ሂድና ለምናት። እኔን በድንጋይ ነው የሸኘችኝ።"

አናጢ አልጠርብ አለ፤ ወፍጮ ቤት ቱቦ አልሰጥ አለ፤ ቀጥቃጭ አልቀጠቅጥ አለ፤ አልቃሽ አላለቅስ አለች፤ እናት አልበላ አለች።

አሮጊቷን ስንዱን በወደቀው ወይራ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ድንጋይ አላነሳችም።

"ልጄ አስናቀ በጀልባ ሲሻገር ባሕር በላው" አለች። "'ሬሳ ሳይመጣ ምን ይለቀሳል' ተብሎ ድንኳን የጣለልኝ የለም። ቁጭ በልና አልቅስለት። ከዚያ እንጨቱን ውሰድ።"

ይሄማ ቀላል ነው ብሎ ባንቴ ቁጭ አለ። ፊቱን አጨማደደ። ዓይኑን አሸ። ምንም የለም።

እንባ አልወርድ አለ፤ ስንዱ ወይራ አልሰጥ አለች፤ አናጢ አልጠርብ አለ፤ ወፍጮ ቤት ቱቦ አልሰጥ አለ፤ ቀጥቃጭ አልቀጠቅጥ አለ፤ አልቃሽ አላለቅስ አለች፤ እናት አልበላ አለች።

"ስሙን ጥራው እንጂ!" አለችው።

"ወይ አስናቀ" ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን "ወይ አባቴ!" ነበር። ራሱም ደነገጠ። ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተው፤ መሬት ላይ ተደፍቶ አነባ።

አሮጊቷ አልተቆጣችም። "በል ልጄ፣ በል" አለች ጀርባውን እየዳበሰች። "ሁለቱንም ውሃ ነው የወሰዳቸው።"

እንባ ወረደ፤ ስንዱ ወይራ ሰጠች፤ አናጢ ጠረበ፤ ምሰሶ ቆመ፤ ወፍጮ ቤት ቱቦ ለቀቀ፤ ቀጥቃጭ ቀጠቀጠ፤ ነፍጥ ሆነ፤ ድንኳን ተጣለ። አልቃሽ ነፍጡን ቁልቁል አንግታ መሃል ቆመች፤ ሙሾ አወረደች።

እናት ተነስታ ነፍጡን ዳሰሰች። "የሱ አይደለም" አለች። "የሱ ሰደፉ በእጁ ወዝ የጠቆረ ነው።" ግን አለቀቀችውም። አቅፋው ጮኸች፤ ድንኳኑም አብሮ ጮኸ። ስንዱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ዳር ተቀምጣ ታነባለች። ማን ለማን እንደሚያለቅስ የጠየቀ የለም።

ለቅሶው በረድ ሲል እናት ቀና ብላ ስንዱን አየቻት።

"እስቲ የእጅ ውሃ አምጡልኝ" አለች። "ለኚህም እናት።"