ጥቁሯ ማሽን፣ ሚሞሪና ዳንቴል

ጆሯችሁን ወዲህ በሉኝ፣ ተረት አለኝ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ጌም ቤት ውስጥ አንዲት ጥቁር የጌም ማሽን ትኖር ነበር። አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ልጅቷ ጆይስቲክ ትባላለች። እናትና ልጅ በገመድ የተያያዙ ናቸው፣ እትብቱ እንዳልተቆረጠ ሕፃን። ልጅቷን ሊጫወቱ የመጡ ልጆች በእጃቸው ይዘው ሲጫኗት ለእናቷ በገመዱ ትነግራታለች፤ እናት ሥዕሉን ትሠራለች፤ ቴሌቪዥኑ ለሰው ያሳያል። ኑሯቸው ይኼ ነበር።

ታዲያላችሁ፣ እናት እያደር አቃታት። ሆዷ ጠባብ ነው። በመኪናው ጌም መኪናውን ስትይዝ መንገዱ ይጠፋታል፣ መንገዱን ስትይዝ መኪናው ይጠፋታል። የጎደላትን ልታመጣ ጌሙ ወዳለበት ሲዲ ትሮጣለች፣ እስክትመለስ ሥዕሉ ቀጥ ይላል። ያኔ ልጆቹ "ተጣበቀች!" ይሉና ጎኗን በጥፊ ይሏታል።

የጌም ቤቱ ባለቤት ጋሽ ታረቀኝ አንድ ቀን እንዲህ አለ፦ "ቅዳሜ የመኪና ውድድር አለ። ቅዳሜ ከተጣበቀች ለቆራሌው ነው የምሰጣት። ጆይስቲኳ ግን ደህና ናት፣ ነቅዬ ለሌላ ማሽን አደርጋታለሁ።"

እናት ሰማች። ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለም። ውጭ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው ሰው ጆንያውን ተሸክሞ "ቆራሌው! ቆራሌው!" ሲል፣ ውስጧ ያለው ማራገቢያ ድው ድው ይላል።

"እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" ትላታለች ልጅቷ።

"ምንም፣ ሆዴ። ሙቀት ነው።"

ጋሽ ታረቀኝ አንጀቱ አልቆርጥ ብሎት ከሞተች ማሽን ሆድ ሚሞሪ አወጣና ጥቁሯ ማሽን ሆድ ውስጥ ሰካው። ሚሞሪ ጥፍር የሚያክል ቀጭን ነገር ነው።

"አንተ ነህ የምታድነኝ?" አለችው።

"እኔ መደርደሪያ ነኝ" አላት። "ቦታ እሰጥሻለሁ። እግር ግን አልሰጥሽም፤ የምትሮጪው በራስሽ እግር ነው።"

የጨነቀው ሰው ግማሹን ነው የሚሰማው። እሷም "ቦታ እሰጥሻለሁ" ያላትን ብቻ ሰማች።

መጀመሪያ የኳሱን ጌም አስገቡባት። ምንም ለውጥ የለም! ኳሱም ያው፣ ሜዳውም ያው።

"የታለ ቦታው?" አለች።

"ይኼ ጌም የድሮ ነው፣ እኔ መኖሬን አያውቅም" አለ ሚሞሪ። "ቤት ቢሰፋለትም በለመደው ጥግ ነው የሚተኛው።"

ቀጥሎ የተራራውን ጌም አስገቡባት። ይኼኛው ሚሞሪን ያውቀዋል። እናንተዬ! ጉም የነበረው ሁሉ ተገለጠ። የሩቁ ዛፍ ቅጠሉ ታየ፣ የሰዉ ሽፋሽፍት ታየ። ልጆቹ "ውይ! ዓይኗ በራላት!" ብለው ጮሁ። የጋሽ ታረቀኝ ሚስት እትዬ ጥሩወርቅ ደስ ቢላት፣ ነጩን ዳንቴል ከቴሌቪዥኑ ላይ አንስታ ማሽኗን አለበሰቻት።

"ውሰጂው፣ እኔንም ሲያፍነኝ ነበር" አለ ቴሌቪዥኑ። የሰማው የለም።

ዳንቴል ጭንቅላቷ ላይ ተንፈላሰሰችና "እሰይ የኔ እመቤት!" አለቻት። "ቅዳሜ ሁሉን አሳዪ። ቅጠሉን፣ ጠጠሩን፣ የተመልካቹን የሸሚዝ ቁልፍ ሳይቀር። ትንሽ ያሳየች ማሽን ትጣላለች!"

"ያቺ እኔ የወጣሁባት ሟች ማሽንም እንዲህ ተብላ ነበር" አለ ሚሞሪ በቀስታ።

"ዝም በል፣ አንተ ጥፍር!" አለችው ዳንቴል።

ቅዳሜ ደረሰ። ቤቱ ጢም አለ። "ተሸናፊ ይነሳል! ተሸናፊ ይነሳል!" ይባላል። እናት ልጇን እያየች ሁሉንም ሠራች፤ ተራራውን፣ ቅጠሉን፣ ጠጠሩን፣ የሸሚዙን ቁልፍ። ሥዕሉ ሲያምር! ግን መኪናዎቹ እንደ ታመመ በሬ ይጎተቱ ጀመር።

"እማዬ! ዙሪ ብዬሻለሁ፣ ለምን አትዞሪም?"

"እየሠራሁ ነው፣ ልጄ! እየሠራሁ ነው!"

"ጨምሪ! ጨምሪ!" ትላለች ዳንቴል ከላይ።

ሆዷ እንደ ምድጃ ጋለ። ማራገቢያው አየር ፈልጎ አጣ። ውጭ "ቆራሌው! ቆራሌው!" ተባለ። ጋሽ ታረቀኝ ብድግ አለና በሩን ከፍቶ "ና እስቲ ወዲህ!" ብሎ ተጣራ።

እናት ጨለመባት። "ሚሞሪ" አለች፣ "ያቺ ማሽን መጨረሻዋ ላይ ምን አለች?"

"ምንም አላለችም። ልጇ ስትጠራት አልሰማችም።"

ይኼኔ እናት ተራራውን ጣለችው። ቅጠሉን ጣለችው። ጠጠሩንም፣ የሸሚዙንም ቁልፍ ጣለችው። መንገዱንና መኪናውን ብቻ አንስታ ሚሞሪ ላይ ደረደረች። ወደ ሲዲው መሮጥ ቀረላት።

"አበድሽ እንዴ? ምን ሊሉሽ ነው!" አለች ዳንቴል።

"ልጄ፣ ገመዱን ሳቢ!" አለች እናት።

ጆይስቲክ በያዛት ልጅ እጅ ላይ ዘለለች፣ ገመዱ ተሳበ፣ ማሽኗ ተወዛወዘች። ዳንቴል ሸርተት ብላ አቧራው ላይ ዷ! ንፋስ ገባ። መኪናዋ ተፈተለከች።

"ዙሪ!" ዞረች። "ፍጠኚ!" ፈጠነች። ልጆቹ "ሄደች! ሄደች!" ብለው ቤቱን አናጉት። የተራራውን መጥፋት ልብ ያለ አንድ ሰው የለም።

ቆራሌው ጆንያውን ከፍቶ በር ላይ ቆመ። "የታለ ዕቃው፣ ጋሼ?"

ጋሽ ታረቀኝ ቴሌቪዥኑን አየ፣ ማሽኗን አየ። "ዛሬ የለም፣ ወንድሜ። ሂድ።"

እናት በዚህኛው ጊዜ ግማሹን ሳይሆን ሁሉንም ሰማች። "ዛሬ" የምትለዋንም ሰማች።

"እማዬ፣ ምን ሆንሽ?" አለች ልጅቷ።

"ምንም፣ ሆዴ። ሙቀት ነው።"

"ዳንቴሏ እኮ ወድቃለች።"

እናት ገመዱን ጠበቅ አደረገች።

ስለዚህ ጎተራ ቢሰፋ ወፍጮ አይፈጥንም፤ ሁሉን ላሳይ ያለችም ልጇ ስትጠራት አትሰማም።

ተረቴ እዚህ ላይ አረፈ፤ እናንተም የጋለውን አሳርፉ።