ገደሉ የጋበዘው ሾፌር

አንድ ቀን፣ ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ የከተማ ነጋዴ ክረምቱን በረሃ ወርደው ድንኳን ውስጥ ሊያሳልፉ ተነሡ። ሰው ሁሉ «አቤት፣ ዘመናዊ ሆኑ!» አላቸው። ምን ዘመናዊነት! ሰውየው በረሃን የመረጡት በምሳ ሰዓት በር የሚያንኳኳ ዘመድ እዚያ ስለሌለ ነው። ችግሩ፣ መኪናቸውን የሚነዳው ታረቀኝም ሆድ አለው።

መቼም በአገራችን የሚበላ ሰው «እንብላ» ይላል። የተጠራውም ለይሉኝታ «ይባርክ፣ ደህና ነኝ» ይላል። ከዚያ ጋባዡ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያለ ሲለምን ነው እጅ የሚታጠበው። ጋሽ ወንድይፍራው ከዚህ ሁሉ የሚያውቁት የመጀመሪያዋን ብቻ ነበር። መንገድ ላይ አገልግሉ ሲፈታ፣

«ታረቀኝ፣ እንብላ!» አሉት።

«ይባርክልኝ ጋሼ፣ ደህና ነኝ።»

«በል እንግዲያው ጎማውን እይልኝ» ብለው ቋንጣ ፍርፍሩን ጠራርገው በሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዘርፌ አፍረው አንገታቸውን ደፉ።

አመሻሽ ላይ፣ ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ገደል በሆነ ሸለቆ ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ በመንገድ የተገዛው የፍየል ሥጋም ተጠበሰ። ታረቀኝ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ይህ ጥብስ ካመለጠው ጦሙን ማደሩ ነው፤ እዚያ በረሃ ሱቅ የለ፣ ጎረቤት የለ። ጋሽ ወንድይፍራው እሱ እንጨት ሊለቅም ራቅ እስኪል ጠብቀው ትሪውን ሳብ አደረጉ። እትዬ ዘርፌ ግን አፈጠጡባቸው።

«ልጁን አትጠራውም እንዴ?»

ቢቸግራቸው ጮኹ፦ «ታረቀኝ! እንብላ!»

ገደሉ ተቀበለ፦ «እንብላ!... እንብላ!... እንብላ!...»

ታረቀኝ እንጨቱን ጥሎ መጣ። እጁን ታጥቦ ቁጭ አለና ትልቁን ቁራጭ አነሣ።

ጋሽ ወንድይፍራው ክው አሉ። «ምነው፣ ቀን ስጠራህ እምቢ ብለህ አልነበር?»

«ጋሼ፣ ቀን እርስዎ አንዴ ብለው ተዉኝ፣ እኔም ተውኩት። አሁን ግን ድንጋዩ ሦስቴ ለመነኝ። ድንጋይ እንኳን እንዲህ ከራራልኝ፣ እምቢ ብል ግፍ አይሆንብኝም?»

እትዬ ዘርፌ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረሱት። በማግስቱ ጋሽ ወንድይፍራው ድንኳኑን አስነቅለው ገደል የሌለበት ሜዳ ፍለጋ ሄዱ።