ሲጠሩት አቤት የሚለው ደራሽ

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

ምነው፣ ምሳ አልበላችሁም እንዴ? ድምፃችሁ ከጉሮሯችሁ አልወጣም። እስቲ ደግሜ ልጥራችሁ። ተረት ተረት!

«የመሰረት!»

እንዲህ ነው እንጂ!

በድሮ ጊዜ፣ ከአንድ ትልቅ ተራራ ግርጌ፣ ሥር አምባ የምትባል መንደር ነበረች። በተራራው አናት ላይ ደግሞ አንድ ግዙፍ ፍጡር ይኖር ነበር። ሥጋ የለው፣ አጥንት የለው፤ ሁለመናው ውሃ ነው። ጢሙ አረፋ፣ ጥርሱ ድንጋይ። ስሙም ደራሽ ይባላል። ጎርፍ ነዋ!

ደራሽ ክፉ አልነበረም። እንዲያውም ጨዋ ነው፤ ካልጠሩት ሰው ቤት አይሄድም። ችግሩ የሥር አምባ ሰዎች አፍ ነበር። ትንሽ ነገር ሲገጥማቸው «ኡኡ! የደራሽ ያለህ!» ብለው ይጮኻሉ። እነሱ «የሚረዳን ሰው ይድረስልን» ማለታቸው ነው። ግዙፉ ግን ስሙን ይሰማል።

አንድ ቀን የአንዲት ሴት ዶሮ ጣሪያ ላይ ወጥታ አልወርድም አለች። ሴትየዋም «የደራሽ ያለህ!» ብላ ጮኸች። ደራሽ «አቤት! መጣሁ!» ብሎ ከተራራው ተንደርድሮ ወረደ። ዶሮዋን አወረደላት። ጣሪያውንም አብሮ አወረደው።

ሌላ ቀን አንድን ሽማግሌ እግራቸውን እሾህ ወጋቸው። «የደራሽ ያለህ!» አሉ። «አቤት! መጣሁ!» አለ ደራሽ። እሾሁ ታጥቦ ሄደ። አጥራቸው፣ በርጩማቸውና ሦስት በጎቻቸውም ታጥበው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን የሆነው ግን አያስቅም። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተጣሉና አንደኛው «የደራሽ ያለህ!» አለ። ደራሽ መጣና የማንን ጎተራ ይዞ ሄደ መሰላችሁ? የትርንጎን! ትርንጎ ቅርጫት እየሠራች ሦስት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ከእህሏ ሁሉ የተረፋት አንድ ቁና የጤፍ ዘር ብቻ ሆነ። «ይህ ዘር ከሄደ ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?» ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አንጀት ትበላ ነበር።

ይህን ጊዜ አንዲት እንቁራሪት ከድንጋይ ሥር ብቅ አለች።

«ምነው ሴትዮ፣ ውሃ አነሰ ብለሽ ነው የምታለቅሺው?» አለቻት።

ትርንጎ የደረሰባትን ነገረቻት። እንቁራሪቷም «ደራሽ እኮ ስሙን ካልሰማ አይመጣም» አለች።

«እንግዲያው አፋችንን እንይዛለና!»

«ቆይ፣ መች ጨረስኩ! በሐምሌ ነጎድጓድ ይጠራዋል። ነጎድጓድን አፍህን ያዝ የሚለው ማን ነው?»

«ታዲያ ምን ይሻለናል?»

«ሳይመጣ በፊት ተዘጋጁ። እህላችሁን በረጃጅም እንጨት ላይ ስቀሉት። ቤታችሁን የሚዞር ቦይ ቆፍሩለት። ማን ማንን ተሸክሞ ጉብታው ላይ እንደሚወጣ ተነጋገሩ። ሊመጣ ሲል እኔ ሦስት ጊዜ እጮኻለሁ።»

ትርንጎ ለመንደሩ ሰው ነገረች። ሰዎቹ መጀመሪያ ሳቁባት። ቀጥሎ ስለ ጣሪያቸውና ስለ በጎቻቸው አሰቡ። ከዚያ ዶማቸውን አንስተው ቆፈሩ። እምቢ ያሉት የመንደሩ አለቃ ባላምባራስ ድልነሳው ብቻ ናቸው።

«በእኔ ጓሮ ቦይ አይቆፈርም!» አሉ። «ከእኔ ደጅ ማን ደፍሮ ይደርሳል? ስሜን ሲሰማ ይመለሳል!»

«ባላምባራስ፣ ደራሽ እኮ የሚሰማው የራሱን ስም ብቻ ነው» አለቻቸው ትርንጎ።

«አንቺ ቅርጫትሽን ስፊ!» ብለው አባረሯት። ስለዚህ ቦዩ እሳቸው ጓሮ ሲደርስ ተቋረጠ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። እንቁራሪቷ አንድ ጊዜ ጮኸች። ሰዉ ሁሉ ከብቱን ፈታ። ባላምባራስ «ምሳዬን ልጨርስ» አሉ። ሁለተኛ ጮኸች። ሰዉ ሕፃናቱንና ሽማግሌዎቹን ተሸከመ። ባላምባራስ «እጄን ልታጠብ» አሉ። ሦስተኛ ጮኸች። ሰዉ ጉብታው ላይ ወጣ። የባላምባራስን እጅ ግን ደራሽ ራሱ መጥቶ አጠበላቸው። እጃቸውን ብቻ እንዳይመስላችሁ!

ነጎድጓድ «ደ‑ራ‑ራ‑ሽ!» ሲል ግዙፉ «አቤት! መጣሁ!» ብሎ ወረደ። ትርንጎ ከጉብታው ላይ ሆና እጅ ነሳች።

«ጌታዬ ደራሽ፣ እንኳን ደህና መጡ! ይኸው ለክብርዎ መንገድ ሠርተን እየጠበቅንዎት ነው!»

ደራሽ ደስ አለው። «ይህን ያህል ዘመን ስመላለስ መንገድ የሠራልኝ ሰው የለም» ብሎ ጢሙን አስተካከለና በቦዩ እየተንጎራደደ ወረደ። የማንንም ቤት አልነካም። ቦዩ የተቋረጠበት ጓሮ ሲደርስ ግን ምን ያድርግ? በባላምባራስ በር ገብቶ በመስኮት ወጣ። ባላምባራስ በከብት ማጠጫ ገንዳ ላይ ተቀምጠው አብረው ወጡ። ገንዳው ሄዶ ሄዶ የዋርካ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቀለ። ደራሽም ቁልቁል ከሜዳው በታች ወዳለው ሐይቅ ቀጠለ።

ተገላገልን ሲባል፣ ባላምባራስ ዋርካው ላይ ሆነው ምን ብለው ቢጮኹ ጥሩ ነው?

«የደራሽ ያለህ!»

«አቤት!» አለ ደራሽ። ዞረ። አሁን በቦዩ አይደለም፤ ሜዳውን ሞልቶ ሽቅብ መጣ። እህል የተሰቀለባቸው እንጨቶች መወዛወዝ ጀመሩ። «ዘሬን! የልጆቼን ጉሮሮ!» አለች ትርንጎ። ግን ማልቀሻ ጊዜ አልነበራትም። ወደ እንቁራሪቷ ጎንበስ አለች።

«ሐይቁ ዳር ዘመድ አለሽ?»

«ሞልቶ!»

«ስሙን ይጥሩት!»

እንቁራሪቷ ጉንጯን ነፍታ ለዘመዶቿ ጮኸች። ወዲያው የሐይቁ እንቁራሪቶች ሁሉ ባንድ ድምፅ «ደራሽ! ደራሽ! ደራሽ!» አሉ።

ግዙፉ ቆመ። ሽቅብ አየ፣ ቁልቁል አየ። «ከላይ አንድ ሰው ይጠራኛል፣ ከታች አገር ሙሉ ይጠራኛል። አገር ሙሉ ማስቀየም ነውር ነው!» አለና ወደ ሐይቁ ተመልሶ ሮጠ። «አቤት! አቤት! አቤት!» እያለ ዘሎ ገባ። ሐይቁም ዋጠው። ልውጣ ባለ ቁጥር እንቁራሪቶቹ ስለሚጠሩት እስከ ዛሬ አቤት እንዳለ ነው።

የትርንጎ ዘር አንዲት ፍሬ አልጎደለባትም። ዘራችው፣ በቀለ፣ ልጆቿ በልተው ጠገቡ። ባላምባራስን ትርንጎና ጎረቤቶቿ በመሰላል አወረዷቸው። እሳቸውም ዶማ ተበድረው ጓሯቸውን መቆፈር ጀመሩ። ትርንጎ ለራት ጠራቻቸው፤ ጭቃቸውን ሳያራግፉ መጡ።

ልጆች፣ ትምህርቱ ይኸውላችሁ፦ ለጎርፍ የሚዘጋጁት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ነው። አንድ ሰው ቦዩን ካልቆፈረ ደግሞ ውሃው በእሱ በኩል አድርጎ ሁሉንም ያሰጋል።

እኔ ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ እናንተ ደግሞ የበቆሎ እሸት ጠብሳችሁ አፌን ዝጉልኝ።