ደጋፊ ያጣችው ሦስተኛ እጩ

አንድ ሰፈር ነበረ፤ ስሙን የሚነግራችሁ ግን የለም፤ ሁሉም ይፈራል። ሰፈሩ አንድ የቦኖ ውሃና ሁለት እጩዎች ነበሩት። አቶ ጓንጉል ሲወርዱ አቶ ልሳነ ይወጣሉ፤ አቶ ልሳነ ሲወርዱ አቶ ጓንጉል ይወጣሉ፤ ቦኖው በሁለቱም ዘመን እንደተቆለፈ ይኖራል። እንዲህ ያለ የተስተካከለ ምርጫ በሌላ አገር መኖሩ ያጠራጥራል።

በዘንድሮው የውሃ ኮሚቴ ምርጫ ከኋላ አንድ ድምፅ "እታፈራሁን እጠቁማለሁ" አለ። የማን ድምፅ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እታፈራሁ ደነገጠች። ልጇ በወንዝ ውሃ ሁለት ጊዜ ታማባታለች፤ ሦስተኛውን ስታስብ ግን ብድግ አለች።

"ደጋፊ አለ?" አሉ ሰብሳቢው። ሰብሳቢው አቶ ጓንጉል ራሳቸው ናቸው። ከአዳራሹ አንድም እጅ አልወጣም። "ደንቡ አንድ እጅ ይላል። አሥር ደቂቃ ሰጥቼሻለሁ፤ ካልተገኘ ስምሽ ይሰረዛል።"

እታፈራሁ አንዲት እጅ ፍለጋ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ወደተቀመጠው ልብስ ሰፊ ሄደች። "ጋሽ ዘርጋው፣ እጅዎን ያውጡልኝ።"

"ደስ ባለኝ" አለ በሹክሹክታ። "ግን ልሳነን የምመርጠው ጓንጉልን ፈርቼ ነው። ድምፄን ላንቺ ብሰጥ ጓንጉል ይገባል። ደግሞ የበለጡ ዓይን ከኋላዬ ነው።" እጁን ጉልበቶቹ መሃል ደበቀ።

"እትዬ በለጡ፣ ዓይንዎን ያዙሩልኝ። ዓይን ካልዞረ እጅ አይወጣም፤ እጅ ካልወጣ ስሜ ይሰረዛል።"

"እኔስ ጓንጉልን የምመርጠው ልሳነን ፈርቼ አይደል? አላየሁም ብል ታፈሰ አጠገቤ ነው። አፉን ታውቂው የለ።"

"ታፈሰ ወንድሜ፣ ዝም በልልኝ። አፍ ዝም ካላለ ዓይን አይዞርም፤ ዓይን ካልዞረ እጅ አይወጣም፤ እጅ ካልወጣ ስሜ ይሰረዛል።"

"ዝም ማለትም ይጻፋል። አምና 'ታፈሰ ዝም አለ' ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሬያለሁ። የጸሐፊውን ብዕር ለምኚ።"

"ደምሴ፣ ብዕርህን አስቀምጥልኝ። ብዕር ካልተቀመጠ አፍ ዝም አይልም፤ አፍ ዝም ካላለ ዓይን አይዞርም፤ ዓይን ካልዞረ እጅ አይወጣም፤ እጅ ካልወጣ ስሜ ይሰረዛል።"

ደምሴ ይህንንም ጻፈው። "ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ማኅተሙ ምን ላይ ያርፋል? እትዬ ጥሩወርቅ ይጠይቁኛል።"

ጥሩወርቅ ማኅተሙን በሁለት መዳፏ ይዛለች። "እትዬ፣ ማኅተምዎ ይታገሰኝ። ማኅተም ካልታገሰ ብዕር አይቀመጥም፤ ብዕር ካልተቀመጠ አፍ ዝም አይልም፤ አፍ ዝም ካላለ ዓይን አይዞርም፤ ዓይን ካልዞረ እጅ አይወጣም፤ እጅ ካልወጣ ስሜ ይሰረዛል።"

"የኔ እናት፣ ማኅተሙ የኔ መሰለሽ? የወንበሩ ነው። ወንበሩ ከተቆጣ ማኅተሙም ይሄዳል፣ እኔም እሄዳለሁ።"

አንድ ደቂቃ ቀረ። እታፈራሁ ወንበሩ ዘንድ ደረሰች። "ጋሼ ጓንጉል፣ ወንበርዎ ይራራልኝ። ወንበር ካልራራ ማኅተም አይታገስም፤ ማኅተም ካልታገሰ ብዕር አይቀመጥም፤ ብዕር ካልተቀመጠ አፍ ዝም አይልም፤ አፍ ዝም ካላለ ዓይን አይዞርም፤ ዓይን ካልዞረ እጅ..."

"እጅ" ስትል አቶ ጓንጉል የወንበራቸውን መደገፊያ ጨምድደው ያዙ። ግንባራቸው ወረዛ። "የማን እጅ?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ማን ሊያወጣ ነው? ስንት ናቸው? ልሳነን አውቀዋለሁ፤ ያንን እጅ ግን አላውቀውም።"

እታፈራሁ ያን ጊዜ ገባት። ተመልሳ በልብስ ሰፊው ጆሮ "ጋሽ ዘርጋው፣ ወንበሩ የሚፈራው የእርስዎን እጅ ነው" አለችው።

ዘርጋው እጁን ከጉልበቶቹ መሃል አወጣ። መጀመሪያ እስከ ጆሮው፣ ከዚያም ከጆሮው በላይ። እጅ ሲወጣ ወንበር ተንገዳገደ፤ ወንበር ሲንገዳገድ ማኅተም ታገሰ፤ ማኅተም ሲታገስ ብዕር ተቀመጠ፤ ብዕር ሲቀመጥ አፍ ዝም አለ፤ አፍ ዝም ሲል ዓይን ዞረ።

"ደጋፊ... ተገኝቷል" አሉ አቶ ጓንጉል። ደምሴ ብዕሩን መልሶ አነሳና "ተራ ቁጥር ሦስት፣ እታፈራሁ" ብሎ ጻፈ።

ዘርጋው የገዛ ሥራው አስፈርቶት፣ ማን እንዳየው ለማወቅ ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ዞረ። በለጡ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። እጇ ግን ወጥቷል።