ምን ልትፈይድላት?

በወጣትነቴ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ጆንያ እሸከም ነበር። እዚያ ፈቃድ መጠየቅ እንደ ስርቆት ይታይ ነበር። አብሮኝ የሚሸከም አንድ ምላሰኛ ሰው ሚስቱ ወለደች፤ በከተማው የሚያርሳት ዘመድ አልነበራትም። ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበራችን ለአባት ያስፈቀደውን ሦስት ቀን ሊጠይቅ፣ እኔን ምስክር አድርጎ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሽመክት ቢሮ ገባ።

አቶ ሽመክት አማታቸው ሞተውባቸው፣ ሳምንት ሙሉ ለቅሶ ተቀምጠው የተመለሱት በዚያው ጠዋት ነበር። ማመልከቻውን ሳያነቡ መለሱለት።

"የወለደችው እሷ ናት። አንተ አጠገቧ ተቀምጠህ ምን ልትፈይድላት ነው?"

ሰውዬው ከትከሻው ላይ ዱቄቱን አራገፈ።

"እርስዎስ ጌታዬ፣ ለአማትዎ ሳምንት ሙሉ ተቀምጠው ምን ፈየዱላቸው? የኔዋ እኮ ገንፎ ባገነፋላት ትበላለች።"

አቶ ሽመክት ማመልከቻው ላይ ሊፈርሙ እስክሪብቷቸውን ፈለጉ።